ከጎንደር እስከ ዋሽንግተን፦ የኃይሌ ገሪማ የፊልም ሥራ ታሪክ



በዚህች ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ ሰፈራችን አመሠራረት፣ ስለ ቀድሞ ዳኞቻችን፣ ስለ ጤና አጠባበቅም ሳይቀር ስንጽፍ ኖረናል። የዘንድሮው ጽሑፋችን ግን ስለ አንድ የፊልም ሰው ነው። «እድርንና ፊልምን ምን አገናኛቸው?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን፤ በዝግጅት ኮሚቴው ውስጥም ይኸው ጥያቄ ተነሥቶ ብዙ አጨቃጭቋል።

ነገሩ ወዲህ ነው። እድራችን የራሱ ድንኳን ሳይኖረው ሰው ሲሞትብን ድንኳን ፍለጋ የምንንከራተትበት ዘመን እንደነበረ ትልልቆቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ድንኳኑ የሚገኘው ባለቤቱ ደስ ሲለው ነው። ዋጋውንም፣ ቀኑንም፣ የሚነሣበትንም ሰዓት የሚወስነው እሱ ነው። ኀዘኑ የኛ፣ ድንኳኑ የሰው! ቆይተን በመዋጯችን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ሰታቴ ስንገዛ ነው ራሳችንን የቻልነው። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማም ከሃምሳ ዓመት በላይ በፊልም ሥራ ሲደክሙ ያስቸገራቸው ነገር ይኸው ነው። ታሪኩ የኛ፣ ካሜራው የሰው፣ ሲኒማ ቤቱ የሰው፣ ትኬት ሻጩም የሰው። እሳቸው ይህን ሁሉ በየተራ በእጃቸው ለማስገባት እንዴት እንደ ታገሉ ነው እንግዲህ የምንተርከው።

እኛም ብንሆን ከዚህ ነገር የራቅን አይደለንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእድራችንን በዓል ቪዲዮ ያነሣልን አንድ ባለሙያ ዋናውን ቅጂ እስከ ዛሬ አልሰጠንም። ክፍያውን ወስዷል፣ ቅጂው ግን «የኔ ሥራ ነው» ተብሎ እሱ ዘንድ ቀረ። በዚያ ቪዲዮ ላይ የሚታዩት ሁለት እናቶቻችን ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ልጆቻቸው ድምፃቸውን መስማት ቢፈልጉ የሚለምኑት ባለሙያውን ነው።

ወደ ታሪኩ እንግባ። በጽሑፉ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ያልንበት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ «ዓ.ም.» ያልንበት በኛ አቆጣጠር ነው።

ኃይሌ ገሪማ የተወለዱት በጎንደር ከተማ የካቲት 25 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። የአድዋ በዓል በዋለ በሁለተኛው ቀን መሆኑ ነው። አባታቸው ገሪማ ታፈረ በጠላት ወረራ ጊዜ በአርበኝነት የተሰለፉ፣ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን የአርበኞች ታሪክ የጻፉ፣ ቴአትርም እየደረሱ ለሕዝብ ያሳዩ የነበሩ ሰው ናቸው። እናታቸው መምህርት ነበሩ። በቤት ውስጥ ምድጃ ዳር ተረት አለ፤ የአባት ቴአትር አለ፤ ከጓዳ እስከ አደባባይ ወሬው ሁሉ ስለ አርበኛና ስለ ባንዳ ነው። ልጁ ያደገው በዚህ መሐል ነው።

ከቤት ወጣ ሲባል ደግሞ ሲኒማ አለ። በአዲስ አበባ በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጀመሪያው ሲኒማ ሲከፈት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው የታወቀ ነው። በጎንደርም የሲኒማ ልማድ ከጣልያን ዘመን ጀምሮ ገብቶ ነበር። የሚታየው ታርዛንና የካውቦይ ፊልም ነው። ፕሮፌሰሩ ይህንን ነገር በኋላ ዘመን ደጋግመው አንሥተውታል። እሳቸውና ጓደኞቻቸው ከሲኒማ ወጥተው በጎንደር ጋራዎች ላይ ሲጫወቱ ሁሉም ካውቦዩን መሆን ነበር የሚፈልጉት፤ ቀይ ሕንዱን መሆን የሚፈልግ አልነበረም። ታርዛን ከአፍሪካውያን ጋር ሲዋጋም ልባቸው የሚያደላው ለታርዛን ነው። የአርበኛ ልጅ ሆኖ! ይህ ነገር ኋላ ሲገባቸው እንደ እሳት አንገበገባቸው፤ የሥራቸውም ሁሉ መነሻ ሆነ ብንል ማጋነን አይሆንም። እኛም እኮ እንደዚያው ነበርን፤ ስንቶቻችን ነን በልጅነታችን እንጨት ሽጉጥ ይዘን «ጆን ዌይን ነኝ» ያልን!

በዚያን ጊዜ አገራችን የራሷ ፊልም የላትም ማለት ይቻላል። «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም የታየው በ1957 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቴሌቪዥንም የተጀመረው በዚያው ዓመት ጥቅምት 23 ቀን በዘውድ በዓል ዕለት ነበር። ስለዚህ ወጣቱ ኃይሌ ወደ አሜሪካ ሲሻገሩ ሐሳባቸው ቴአትር እንጂ ፊልም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ቺካጎ ከተማ በጉድማን የቴአትር ትምህርት ቤት ገቡ። እዚያ ግን ለጥቁር ተማሪ የሚሰጠው ቦታ የአገልጋይ ቦታ ሆነባቸው። በ1970 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ክፍል ተመዘገቡ።

ሎስ አንጀለስ ላይ ያጋጠማቸው ነገር ለእድር ሰው በቶሎ የሚገባው ነው። ቻርልስ በርኔት፣ ላሪ ክላርክ፣ ጁሊ ዳሽ፣ ቢሊ ዉድቤሪ የሚባሉ ጥቁር ተማሪዎች በዚያ ዘመን በዩኒቨርሲቲው ተሰባስበው ነበር፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ኋላ «የሎስ አንጀለስ ዐመፅ» ብለው ሰይመዋቸዋል። ገንዘብ የላቸውም። ያላቸው የትምህርት ቤቱ ካሜራና የእርስ በርስ ጉልበት ነው። ዛሬ ያንተን ፊልም እኔ ካሜራ ይዤ አነሣለሁ፣ ነገ አንተ ለኔ ድምፅ ትቀዳለህ። የገበሬው ወንፈል ማለት ነው እንግዲህ። የኃይሌን «ቡሽ ማማ» የተባለውን ፊልም ካሜራ ከያዙት አንዱ ቻርልስ በርኔት ነበሩ፤ በርኔት እንግዲህ ራሳቸው በአሜሪካ ፊልም ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስም ያላቸው ሰው ናቸው።

ከ«ቡሽ ማማ» በፊት ሁለት አጫጭር ፊልሞች ሠርተዋል፤ አንደኛው በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ አንድ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች፣ ሁለተኛው በ1972 እ.ኤ.አ. የአንጄላ ዴቪስ መታሰር ያነሣሣቸው። «ቡሽ ማማ» ግን ረጅም ነው። ዶሮቲ የምትባል ባሏ የታሰረባት፣ በመንግሥት ድጎማ የምትኖር ነፍሰ ጡር እናት ናት። የድጎማው ቢሮ ልጁን ካላስወረድሽ ይላታል። ፊልሙ ሲጀመር ፖሊሶች ጥቁር ወጣቶችን አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል። ይህ ትወና አይደለም። የፊልሙ ሠራተኞች መንገድ ላይ ካሜራ ይዘው ሲሠሩ ፖሊስ ይዟቸው ሲፈትሻቸው ካሜራው ያስቀረው ነው። ኃይሌም እሱን ቆርጠው ከመጣል ይልቅ የፊልሙ መክፈቻ አደረጉት።

አሁን ወደ አገር ቤት እንመለስ። በ1966 ዓ.ም. ክረምት ላይ፣ ያ አብዮቱ ሲንተከተክ የነበረበት ክረምት ነው፣ ኃይሌ ጥቂት ጓደኞቻቸውን ይዘው መጡና «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» የተባለውን ፊልም አነሡ። ጊዜው አጭር ነው፤ ሥራው በሁለት ሳምንት ገደማ ተጠናቀቀ። ካሜራው ትንሹ ባለ 16 ሚሊ ሜትር፣ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ፣ ተዋንያኑም በአብዛኛው ከዚያ በፊት ካሜራ አይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ንጉሡ ከዙፋን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነውና ፊልሙ የተነሣው ያ ሥርዓት ሊወድቅ ሳምንታት ሲቀሩት ነው።

ታሪኩ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብ ነው። ባለርስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይሳደባል፤ አባት፣ እናት፣ አያት፣ ልጆች ከንጋት እስከ ማታ ያርሳሉ፣ ያርማሉ፣ ይጠብቃሉ። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይረዝማል። ያላለመደ ሰው «ኧረ ምነው ተንዛዛ» ሊል ይችላል፤ ከኛም መካከል ያለ አለ። ግን ዘገም ማለቱ በዓላማ ነው። በሬ ሲታረስበት የሚሄደው በበሬው ርምጃ እንጂ በካውቦይ ፈረስ አይደለም። ከብት ጠባቂዋ ልጅ የባለርስቱን ላም ልታድን ብላ በጎርፍ የምትወሰድበት ቦታ ላይ ደግሞ ማንም «ተንዛዛ» አይልም። ለላም ሲባል ልጅ ትሞታለች፤ የለቅሶውንም ነገር እኛ የእድር ሰዎች ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ከበበ የሚባል፣ መሬቱን ተነጥቆ «እብድ» የተባለ ሰውም አለ፤ በመንደሩ እውነቱን የሚናገረው እሱ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ፣ የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። የኃይሌ ልደት የዋለበት ቀን! ጭሰኛው ነፃ ሲወጣ የጭሰኛውን ፊልም የሠሩት ሰው አሜሪካን አገር ሆነው ፊልሙን እየቆራረጡ ይቀጥሉ ነበር። ፊልሙ በ1976 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በስዊስ አገር በሎካርኖ ፌስቲቫል ተሸለመ። ከሠላሳ ዓመት በኋላም እያረጀ የነበረው ቅጂ በጣልያን አገር በቦሎኛ ከተማ የፊልም ላቦራቶሪ ታድሶ በ2006 እ.ኤ.አ. በካን ፌስቲቫል እንደገና ታይቷል። የአርበኛ ልጅ ፊልም ጣልያን አገር ሲታደስ አባቱ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር ብለን መጠየቃችን አልቀረም።

ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፕሮፌሰሩ በዋሽንግተን ከተማ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ የፊልም መምህር ሆኑ። እዚያ ላይ ሆነው በ1978 እ.ኤ.አ. በሰሜን ካሮላይና ያለ ፍትሕ ስለ ታሰሩ አሥር ሰዎች ዘጋቢ ፊልም፣ በ1982 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከቬትናም ጦርነት ስለ ተመለሰ ጥቁር ወታደር «አሽስ ኤንድ ኤምበርስ» የተባለውን ሠሩ። የመምህር ደመወዝ ባይኖር እነዚህ ፊልሞች አይኖሩም ነበር። በነዚያው ዓመታት ከባለቤታቸው ከሺሪኪያና አይና ጋር የራሳቸውን ፊልም ማከፋፈያ አቋቋሙ፤ ባለቤታቸውም ራሳቸው የፊልም ባለሙያ ናቸው። የፊልም ሥራ ድርጅታቸውንም ስም ፈረንጆቹ እንደ ምንም ብለው ይጠሩታል፤ እኛ ግን ስናነበው «ነጎድጓድ» ነው።

እዚህ ላይ ፕሮዲዩሰር ማለት ምን እንደ ሆነ ብናብራራ መልካም ነው። ዳይሬክተር ተዋናዩን የሚመራው ነው። ፕሮዲዩሰር ግን ገንዘብ ለምኖ የሚያመጣው፣ ሰው የሚሰበስበው፣ ምግቡን፣ መኪናውን፣ ፈቃዱን፣ ዕዳውን የሚሸከመው ነው። በእድር ቋንቋ ዳኛም፣ ጸሐፊም፣ ገንዘብ ያዥም፣ ሲቸግር ጥሩምባ ነፊም ማለት ነው። ኃይሌ ሁሉንም ናቸው። ለምን ቢባል ሌላ የሚሠራላቸው ስላልነበረ ነው።

ይህ ነገር ቁልጭ ብሎ የታየው በ«ሳንኮፋ» ነው። ሳንኮፋ በጋና አገር በአካን ሕዝብ ቋንቋ «ተመልሰህ የተውከውን አንሣ» እንደ ማለት ሲሆን ምልክቱ አንገቷን ወደ ኋላ ያዞረች ወፍ ናት። ፊልሙ ስለ ባርነት ነው። ሞና የምትባል ዘመናዊ ጥቁር አሜሪካዊት ፎቶ ለመነሣት ወደ ጋና ትመጣለች፤ የምትነሣውም ባሪያዎች ወደ መርከብ ይጫኑበት በነበረው በባሕር ዳሩ ምሽግ ላይ ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ ስትገባ በሩ ይዘጋባታል፤ በመንፈስ ወደ ጥንት ተመልሳም ሾላ የምትባል የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባሪያ ትሆናለች። በዚህ ፊልም ባሮቹ ነጭ ጌታ እንዲያድናቸው አይጠብቁም። ይዶልታሉ፣ ያምፃሉ፣ ይሸሻሉ። ሆሊውድ በለመደው የባርነት ፊልም ላይ እንደዚህ ያለ ነገር እምብዛም አይታይም ነበር።

ገንዘቡን ለማሰባሰብ ዓመታት ፈጀ። አሜሪካን አገር በሩ ሲዘጋ ኃይሌ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሩ፤ የጋና መንግሥት የባህል ኮሚሽን፣ የቡርኪና ፋሶ የፊልም ድርጅትና የጀርመን ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተባበሯቸው። ልብ በሉ፤ የአሜሪካን ታሪክ ለመሥራት ያዋጡት አፍሪካና አውሮፓ ናቸው። ፊልሙ በ1993 እ.ኤ.አ. በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። የአሜሪካ አከፋፋዮች ግን አንዱም የሚወስድ ጠፋ። ይህ ፊልም ተመልካች አያገኝም አሉ።

ታዲያ ባልና ሚስቱ ምን አደረጉ? በዋሽንግተን ከተማ አንድ ሲኒማ ቤት ተከራዩ። አሠራሩን እናስረዳ። በተለመደው መንገድ ሲኒማ ቤቱ ፊልሙን ከአከፋፋይ ይወስድና የትኬቱን ገቢ ይካፈላሉ፤ ፊልሙ ካልሸጠ በሳምንቱ ይነሣል። ሲኒማ ቤቱን በሙሉ ከተከራየህ ግን ኪራዩን ትከፍላለህ፣ ትኬቱን አንተ ትሸጣለህ፣ ትርፉም ኪሳራውም ያንተ ነው። አዳራሹ ባዶ ቢሆን ቤትህን ታጣለህ ማለት ነው። እንግዲህ ይህን ነበር የደፈሩት። ማስታወቂያ በቴሌቪዥን ለማስነገር አቅም የለም። ወሬው የሄደው በቤተ ክርስቲያን፣ በፀጉር ቤት፣ በጥቁሮች ራዲዮ፣ በሴቶች ማኅበር፣ በጎረቤት ነው። ልክ የኛ ጥሩምባ!

ፊልሙ በዚያ ሲኒማ ቤት 11 ሳምንት ያህል ቆየ። አዳራሹ ይሞላል፣ ሰው ትኬት አጥቶ ይመለሳል፤ የሌላ ከተማ ሰዎችም «ለኛም አምጡልን» አሉ። በየከተማው በጎ ፈቃደኞች ኮሚቴ እያቋቋሙ፣ ትኬት እየሸጡ፣ አዳራሽ እየተከራዩ ፊልሙ ከሠላሳ በላይ ከተሞችን አዳረሰ። ተመልካች የለውም የተባለው ፊልም ነው እንግዲህ። አከፋፋዮቹ ተመልካቹን አያውቁትም ነበር። ፕሮዲዩሰሩ ግን በር ላይ ቆመው ስለሚቀበሉት ያውቁታል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዘጋቢ ፊልሞች መጡ። በ1994 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ ቢቢሲ ቴሌቪዥን ከፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ከካፑሺንስኪ ጋር ከደርግ በኋላ ያለችውን አገር እየዞሩ ያሳዩበት አንዱ ነው። ሁለተኛው በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የአድዋ ፊልም ሲሆን በአዛውንት አንደበት፣ በሥዕልና በዘፈን ድሉን ይተርካል።

«ጤዛ» የመጣው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ሐሳቡ ከተጠነሰሰ ፊልሙ እስኪያልቅ 14 ዓመት ፈጅቷል። የኢትዮጵያው ክፍል ተነሥቶ የጀርመኑ ክፍል እስኪነሣ ድረስ እንኳ ገንዘብ ጠፍቶ ሁለት ዓመት ያህል ተጠብቋል። አንበርብር የተባለው ሰው በጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ፣ አብዮቱን ተስፋ አድርጎ መጥቶ፣ ጓደኛው ዓይኑ እያየ ተገድሎ፣ ተመልሶ በሄደበትም አገር በዘረኞች ተደብድቦ እግሩን አጥቶ፣ በመጨረሻ ወደ አሮጊት እናቱ መንደር ይገባል። መንደሩም አላረፈም። ወጣቶቹ ለጦርነት እንዳይታፈሱ በዋሻ ይደበቃሉ፤ እናቶች በሌሊት ምግብ ያመላልሳሉ። ያን ዘመን በዚህ ሰፈር ያሳለፍን ሰዎች ይህን ስናይ ዝም ማለት ብቻ ነው ያለን። እዚህ መጽሔት ላይ ስማቸውን ልንጽፍ ያልደፈርናቸው፣ ድንኳን ያልተተከለላቸው ልጆች ስንት ናቸው! በዚያ ዘመን ማልቀስ ያልተፈቀደለት ቤት ነበረ፤ እድሩም ቢሆን ጥሩምባውን ያልነፋበት ጊዜ ነበረ። «ጤዛ» ለነዚያ የተተከለ ድንኳን መስሎ የታየን ለዚህ ነው።

ፊልሙ በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በዚያው ዓመት በካርቴጅ የወርቅ ታኒትን፣ በ2009 እ.ኤ.አ. በዋጋዱጉ ታላቁን የአፍሪካ ፊልም ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ወሰደ። ከነዚህ ሁሉ የዋጋዱጉው ይበልጥ ደስ አሰኝቶናል፤ የቤት ሽልማት ነውና።

ፕሮፌሰሩ በሐዋርድ ካስተማሯቸው መካከል ብራድፎርድ ያንግና አርተር ጃፋ ይገኛሉ። ብራድፎርድ ያንግ «አራይቫል» በተባለው ፊልም ላይ በያዘው ካሜራ በ2017 እ.ኤ.አ. ለኦስካር ታጭቷል።

የ«ሳንኮፋ» ነገር በሲኒማ ቤቱ አላበቃም። ባልና ሚስቱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በዋሽንግተን በጆርጂያ ጎዳና፣ ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ። ኋላም ቡና ቤት ተጨመረበት። የፊልም መቁረጫ ክፍላቸውም እዚያው ነው። መጽሐፍ ይሸጣል፣ ልጆች ይሰባሰባሉ፣ ደራሲ መጥቶ ያነባል፣ ቡና ይጠጣል፤ ከማዶ አገር የተተከለ ድንኳን በሉት። ከተማው ግን እየተወደደ መጣ። የነባር ጥቁሮች ሰፈር ሀብታም ሲገባበት የሕንፃው ግብር አብሮ ሰማይ ወጣ። ይህን ታሪክ በኛ ከተማም የምናውቀው ነው፤ ሰፈር ሲፈርስ እድር አብሮ ይበተናል። ባለቤቶቹ ዝም አላሉም። ሰፈርተኛው፣ ተማሪው፣ ደንበኛው ተሰልፎ ፊርማ አሰባስቦ ጮኸ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የከተማው ምክር ቤት ለአሥር ዓመት የሚቆይ የግብር እፎይታ ወሰነላቸው።

በ2021 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ በሎስ አንጀለስ አዲስ ሙዚየም ሲከፍት ለፕሮፌሰር ኃይሌ ልዩ ሽልማት ሰጣቸው። እንግዲህ ሆሊውድ ያለበት ከተማ፣ በወጣትነታቸው ፖሊስ አስቁሞ የፈተሻቸው ከተማ መሆኑ ነው። «ሳንኮፋ»ም ታድሶ በዚያው ዓመት መስከረም ወር በኔትፍሊክስ ለዓለም ቀረበ። አከፋፋዮቹ አንፈልግም ካሉ 28 ዓመት ሆኖታል።